የውሃ ቁንጫን ለመስቀል ለሚጋብዙ የተሰጠ ምክር

ለመስቀል ወልቂጤ ወይም ቡታጅራ የሚገባ ሰው ከሁለት አንዱ ነው፤ ወይ ይጋብዛል፣ ወይ ይጋበዛል። ዘንድሮ የመጋበዙ ተራ እርስዎ ላይ ከወደቀና የበሬው፣ የቅቤው፣ የቆጮው ሒሳብ እንቅልፍ ከነሳዎት፣ ወጪ የማታስወጣ አንዲት እንግዳ ልጠቁምዎት። የውሃ ቁንጫ ትባላለች፤ ሳይንቲስቶች ዳፍኒያ ይሏታል። ቁመቷ እንደ ዝርያዋ ከ1 እስከ 5 ሚሊ ሜትር ነው። አልጋ አታስለቅቅም፣ የመሳፈሪያ አትጠይቅም፣ ስለ ሲሚንቶ ዋጋ አታወራም። በስሟ አይደንግጡ፤ አትነክስም፣ ደም አትመጥም። ወገኗ ከሸርጣንና ከሽሪምፕ ነው፤ ቁንጫ ያሰኛት ውሃ ውስጥ እየዘለለች መሄዷ ብቻ ነው።

ትልቁ ጥቅሟ ግን ግልጽነቷ ነው። ቅርፊቷ ብርሃን ስለሚያሳልፍ የበላችው ነገር ከነቀለሙ ከውጭ ይታያል። አረንጓዴ ዋቅላሚ ከበላች አንጀቷ ከላይ እስከ ታች አረንጓዴ መስመር ሆኖ ይሰመራል፤ እርሾ ከበላች መስመሩ ነጣ ይላል፤ ካልበላች ባዶነቱ ያስታውቃል። ሳህኑን ሳይነካ «ኧረ ጠግቤያለሁ» እያለ የሚምል አጎት ላለበት ቤት ይህ ቀላል እፎይታ አይደለም።

በቅድሚያ እንግዳዋን ማግኘት ያስፈልጋል። ወልቂጤ ከሆኑ ዋቤ ወንዝ ድረስ አይድከሙ፤ የሚሮጥ ውሃ አይስማማትም። የምትገኘው በረጋ ውሃ ውስጥ ነው፤ በኩሬ፣ በሐይቅ፣ ከብት በሚጠጣበት ጉድጓድ። ቡታጅራ ከሆኑ ደግሞ ወደ ሆሳዕና በሚወስደው መንገድ ያለውን የአረ ሸይጣን ሐይቅ ከላይ ሆነው ማየት ይበቃዎታል። የእሳተ ገሞራ ፍንዳታ የቆፈረው ጎድጓዳ ስለሆነ ዳሩ ገደል ነው፤ ለ2 ሚሊ ሜትር እንግዳ ብሎ እግሩን የሰበረ ሰው በበዓል ማግሥት ለዘመድ የሚያስረዳው ይጠፋዋል። ሁለቱ ከተሞች ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ በሁለት ዞን መለያየታቸውን ሰምተዋል፤ የውሃ ቁንጫዋ ግን ከየትኛውም ወገን ብትመጣ የምትበላው ያው ነው።

አንድ የሻይ ማጥለያ ይዘው ይውጡ። ሲመለሱ ማጥለያውን ወደ ቦታው አይመልሱት። ውሃውንም ከዚያው ከኩሬው ቀድተው ይምጡ፤ የቧንቧ ውሃ ክሎሪን ስላለበት ክፍት ሆኖ ሳያድር ከሰጧት ይገድላታል። ደግሞም ወልቂጤ ውስጥ ውሃ ጠፍቶ ከርሞ ሰፈርተኛው ቢጫ ጀሪካኑን ይዞ በተሰለፈበት ሰዓት «የእኔ ለቁንጫዎቼ ነው» ማለት አይመከርም።

አሁን ወደ ገበታው እንግባ። ከቅርፊቷ ሥር የተሸሸጉ አምስት ጥንድ እግሮች አሏት። እነዚህ እግሮች ለመሄጃ አይደሉም፤ ሥራቸው መርገብገብ ነው፤ በደቂቃ በመቶዎች የሚቆጠር ጊዜ ይርገበገባሉ። በዚህ ምክንያት ውሃ ወደ ቅርፊቷ ውስጥ ይሳባል። በሦስተኛውና በአራተኛው ጥንድ እግሮች ላይ ተደርድረው የቆሙ ፀጉሮች አሉ፤ በመካከላቸው ያለው ክፍተት የአንድ ሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ ቢሆን ነው፤ ብዙ ጊዜም ከዚያ ያነሰ ነው። ውሃው ያልፋል፣ በውሃው ውስጥ የነበረው ይቀራል። የቀረው ነገር ተሰብስቦ በእግሮቿ መካከል ባለች ቦይ ወደ አፏ ይገፋል፤ መንጋጋዎቿ እየተንከባለሉ ይፈጩታል። የመጣው ከበዛ ወይም ካልተስማማት፣ በጅራቷ ጫፍ ያለው ጥፍር ወደ ቦይዋ ዘልቆ ይገባና ጉርሻውን ጠርጎ ወደ ውጭ ይወረውረዋል። ጥሩ አጉሊ መነጽር ካለዎት ይህን ውርወራ በዓይንዎ ያዩታል። ስትወረውር ይቅርታ አትጠይቅም።

እንግዲህ የጋባዥነት ክብርዎን የሚፈትነው ጉዳይ ይህ ነው፤ ምን ያህል ያቅርቡላት?

በ1961 እ.ኤ.አ. ፍራንክ ሪግለር የተባለ ተመራማሪ ካናዳ ውስጥ ለትልቋ ዝርያ፣ ለዳፍኒያ ማግና፣ እርሾ እያበዛና እያሳነሰ አቀረበላት። በአንድ ሚሊ ሊትር ውሃ ውስጥ ያለው የእርሾ ሕዋስ ቁጥር 100,000 ገደማ እስኪደርስ ድረስ እንግዳዋ የምትበላው መጠን ከቀረበላት ጋር እኩል እያደገ ሄደ። ከዚያ በላይ ግን ቢጨመርላትም፣ ቢከመርላትም የምትበላው ያው ሆነ። ነገሩ እንዲህ ነው። ምግቡ ሲሳሳ እግሮቿ አቅማቸው የፈቀደውን ያህል ውሃ ያጣራሉ፤ ትልቋ ዝርያ በሰዓት ጥቂት ሚሊ ሊትር ታጣራለች። ስለዚህ ውሃው ወፈር ባለ ቁጥር የሚያዘው ይበዛል። ጣሪያው ላይ ስትደርስ ግን የማጣራት ጉዳይ አይደለም የሚያግዳት፤ አፍና አንጀት ነው። በአንድ ጊዜ ከዚህ በላይ መዋጥና ማሳለፍ አይችሉም። ስለዚህ የምትበላውን ሳትቀንስ የምታጣራውን ውሃ ትቀንሳለች።

በ1982 እ.ኤ.አ. ደግሞ ካረን ፖርተርና ባልደረቦቿ የውሃ ቁንጫዋን ከአፍ እስከ ጅራት እየተከታተሉ ምግቡ ሲወፍር ምን እንደምታደርግ መዘገቡ። የእግሮቿ ርግብግብታ ይቀዘቅዛል፣ የመንጋጋዎቿ መንከባለል ይበዛል፣ ያ ጥፍርም ሥራው ይበዛበታል። ከጣሪያው በላይ የሚጨምሩላት እያንዳንዱ ማንኪያ ምግብ መሆኑ ቀርቶ የጽዳት ሥራ ይሆንባታል ማለት ነው።

እዚህ ላይ ጉራጌ ቤት ያደገ ሰው ቅር ይለዋል፤ ልክ ነው። የኛ ሰው ክትፎውን በጣባ አቅርቦ፣ ጣባው ገና ሳይጋመስ ሌላ ይጨምርበታል፤ አይቤውን ያስጠጋል፣ ጎመኑን ያስከትላል፣ እንግዳው እጁን ሲሰበስብ «በሞቴ» ይላል፣ «አፈር ስሆን» ይላል። የሰው እንግዳ ለ«በሞቴ» አንድ ማንኪያ ይጨምራል። የውሃ ቁንጫዋ አትጨምርም፤ ጥፍሯን ታነሣለች። ይህን ለእናትዎ ማስረዳት የእርስዎ ፈንታ ነው፤ ንግግሩም ይህን ይመስላል ብዬ እገምታለሁ፦

«ምነው ልጄ፣ እንግዳህ እኮ አልበላችም። ጨምርላት እንጂ!»

«እማዬ፣ ጣሪያዋ ላይ ደርሳለች።»

«የምን ጣሪያ?»

«በሚሊ ሊትር መቶ ሺህ።»

«ውይ! ቆጥረህ ነው እንዴ የምታበላት? በመስቀል?»

ለዚህ መልስ የለኝም። ቆጥሮ ማብላት ነውር በሆነበት አገር የውሃ ቁንጫ ማስተናገድ ቆጠራ ይጠይቃል። ጉብሬ ባለው ወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ ባዮሎጂ የሚያጠና የአክስት ልጅ ካለዎት በማይክሮስኮፕ ይቁጠርልዎት፤ ከሌለዎት ጋዜጣ ከብርጭቆው ጀርባ ያቁሙ። አረንጓዴው ውሃ የርዕሱን ትልልቅ ፊደላት ከሸፈነ አብዝተዋል። ትንንሾቹም ያለ ችግር ከተነበቡ ንፉግ ተብለዋል።

ስለ ረሃብም አንድ ነገር ይወቁ። ቀኑን ሙሉ ሳትበላ የዋለች የውሃ ቁንጫ ምግብ ያለበት ውሃ ውስጥ ሲያስገቧት መጀመሪያ ላይ ፈጥና ትበላለች፤ አንጀቷ ሲሞላ ወደ ወትሮው ትመለሳለች። ይህን የመጀመሪያ ሰዓት አይተው «እንዴት ያለች በላተኛ ናት!» ብለው ለጎረቤት እንዳያወሩባት። ምግብ በጠፋበት ውሃ ያደገችው ደግሞ የማጣሪያ ፀጉሮቿ ሰፍተው ያድጋሉ፤ ጀርመናዊው ቪንፍሪድ ላምፐርት ይህንን በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. አሳይቷል። ስለዚህ ከተራበ ኩሬ ያመጧትን ከጠገበ ኩሬ ካመጧት ጋር አንድ ብርጭቆ ውስጥ አድርገው አያወዳድሩ። ዳኝነቱ ፍትሐዊ አይሆንም።

ወደ ምግቡ ዓይነት ስንመጣ ነገሩ ይወፍራል።

እንግዳዋ የምትውጠው ነገር መጠኑ በግምት ከአንድ ሺህኛ እስከ ሃምሳ ሺህኛ ሚሊ ሜትር መሆን አለበት። ባክቴሪያም ይሆናል፣ እርሾም ይሆናል፣ ዋቅላሚም ይሆናል። ማክማሆንና ሪግለር በ1965 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ሥራ እነዚህን በሬዲዮአክቲቭ ፎስፈረስ ምልክት እያደረጉ አቅርበውላት የበላችውን ለኩ፤ ሕዋሱ ትልቅ በሆነ ቁጥር ጣሪያዋ ላይ ለመድረስ የሚያስፈልገው ቁጥር ያንሳል። ስለ እርሾ የነገርኩዎትን መቶ ሺህ ወስደው ለሁሉም ምግብ እንዳይጠቀሙበት።

እርሾ ከሱቅ ይገዛል፣ ርካሽ ነው፣ ቁንጫዋም ትበላዋለች፤ ስለዚህ ሰነፍ ጋባዥ ሁሉ ወደ እርሾ ይሮጣል። ችግሩ ሁለት ነው። አንደኛ፣ እርሾ ብቻ እየበላች የምትኖር የውሃ ቁንጫ ሆዷ ይሞላል እንጂ ዋቅላሚ እንደምትበላዋ አታድግም፣ እንደእሷም አትወልድም፤ የሚያስፈልጋት ቅባት እርሾው ውስጥ የለም። ሁለተኛ፣ የተረፈው እርሾ ከታች ይዘቅጥና ይበሰብሳል፣ የውሃውንም ኦክስጅን ይጨርሳል። ያን ጊዜ የውሃ ቁንጫዋ ሄሞግሎቢን እያመረተች ቀላ ትላለች። እንግዳዎ ቀልታ ካዩዋት አላፈረችም፤ እየታፈነች ነው።

የሚሻለው አረንጓዴ ውሃ ነው። በማሰሮ ወይም በብርጭቆ ውሃ ላይ ጥቂት ደረቅ የከብት እበት ጣል አድርገው ፀሐይ ላይ ያቆዩት፤ ሰንበት ብሎ ራሱ አረንጓዴ ይሆናል። ከዚያ በስሱ እየቀዱ ያቅርቡላት። ማሰሮው ከሳሎን እንዲርቅ የሚሉ ዘመዶች ይኖራሉ፤ ሐሳባቸው ተገቢ ነው።

ግን አረንጓዴ የሆነ ሁሉ ምግብ አይደለም። ቆቃ በ1960 እ.ኤ.አ. በአዋሽ ላይ የተገደበ ግድብ ነው፤ ውሃው በየጊዜው ቀለም የፈሰሰበት እስኪመስል አረንጓዴ ይሆናል። ይህ ማይክሮሲስቲስ የተባለው ሳይኖባክቴሪያ ሥራ ነው። እንግዳዋን ከዚህ ቢጋብዟት ሦስት በደል ይፈጽሙባታል። አንድ ላይ ተጣብቆ በዝልግልግ ሽፋን ስለሚጓዝ ብዙውን ጊዜ ለአፏ ይገዝፋል፤ መርዝ የሚያመነጭ ዝርያው ደግሞ የእግሯን ሥራ ያቀዘቅዛል፤ ብትውጠውም ሕዋሷ የሚፈልገውን ስቴሮል አይሰጣትም። ክር የሚመስሉት ሳይኖባክቴሪያዎች ደግሞ ሌላ ጣጣ አላቸው። ክሩ ቦይዋ ውስጥ ይጠላለፋል። ፖላንዳዊው ማቼይ ግሊቪች በ1980 እ.ኤ.አ. ገደማ ያሳየው የውሃ ቁንጫዋ ለዚህ ዘዴ እንዳላት ነው፤ የቅርፊቷን መክፈቻ ታጠብባለች። ክሩ አይገባም፤ ትልልቁ ጥሩ ዋቅላሚም አብሮ ይቀርባታል። ቢሾፍቱ አጠገብ ያለውን የአራንጓዴ ሐይቅ ስፒሩሊና ሰዎች ለጤና ብለው ይጠጡታል ብለው እንዳይሳሳቱ፤ እሱም ክር ነው፣ ውሃውም ሶዳ የበዛበት ነው። ለሰው የተመሰከረለት ምግብ ሁሉ ለእንግዳ አይሆንም።

ምነው መርጣ አትበላም ይሉ ይሆናል። የውሃ ቁንጫ ጎበዝ መራጭ አይደለችም። ጎረቤቶቿ ኮፒፖዶች አንድ አንድ ሕዋስ ይዘው ቀምሰው ይጥላሉ ወይም ይውጣሉ። እሷ የሰበሰበችውን ጉርሻ ሙሉውን ትውጣለች፤ አለዚያም ሙሉውን ትወረውራለች። አንድ ክፉ ክር የተቀላቀለበት ጉርሻ ሲጣል አብረውት ያሉት ደጋግ ዋቅላሚዎችም ይጣላሉ።

ክረምት ላይ እንግዳ ካመጡ ጭቃውን ያስቡ። የድፍርስ ውሃ ሸክላ ደቃቅ ስለሆነ እግሮቿ ይይዙታል፣ እሷም ትውጠዋለች፣ አንጀቷ ይሞላል፣ ግን ምንም አያበረክትላትም። ጥናቶች እንዳሳዩት የሸክላው መብዛት የምትበላውን ዋቅላሚ ይቀንሰዋል። የጣና ጥቃቅን እንስሳት ስርጭት ከሐይቁ ድፍርስነት ጋር ያለውን ዝምድና እነ እሸቴ ደጀን በ2004 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጽሑፍ የመረመሩት ያለ ምክንያት አይደለም። ስለዚህ ከኩሬ የቀዱትን ውሃ አንድ ሌሊት አሳድረው ሸክላው ሲዘቅጥ ከላይ ከላይ ይቅዱ።

ስለ ክትፎ መናገር ባልፈልግም ቡታጅራ ላይ የሆነ ሰው «ትንሽ ትቅመስ እንጂ» ማለቱ አይቀርም። አይቅመሷት። ኮረሪማ የሸተተው ንጥር ቅቤ ውሃው ላይ ይንሳፈፋል፤ ቅርፊቷ ውሃ የማይዘልቀው ስለሆነ የውሃው ገጽ ላይ ተጣብቃ መቅረት ቀድሞም ይቀናታል፤ ቅቤ ሲጨመርበት ፈጽማ አትወርድም። ሥጋው ከታች ይበሰብሳል። ቡላውም እንደዚያው ይዘቅጣል። ሚጥሚጣን በተመለከተ የሞከረው ሰው ራሱ ይጠየቅ።

ከሁሉ የሚገርመው ግን በልታው ያልበላችው ምግብ ነው። ያችው ካረን ፖርተር በ1976 እ.ኤ.አ. «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት ላይ እንዳወጣችው፣ ስፌሮሲስቲስ የሚባል በዝልግልግ ሽፋን የተጠቀለለ አረንጓዴ ዋቅላሚ አለ፤ የውሃ ቁንጫዋ ትውጠዋለች፣ በአንጀቷ ያልፋል፣ ከዚያም በአብዛኛው በሕይወት ይወጣል። በሕይወት መውጣቱ ሳያንስ አንጀቷ ውስጥ ካለው ፎስፈረስ ቀንጠብ አድርጎ ይወጣና ከበፊቱ ፈጥኖ ያድጋል። ለምሳ የቀረበ ምግብ ራሱ ምሳውን በልቶ ሄደ ማለት ነው። ይህ ከሆነብዎ አረንጓዴው መስመር አንጀቷ ውስጥ እየታየ እንግዳዋ ትራባለች፤ ብርጭቆውም ዕለት ዕለት አረንጓዴ እየሆነ ይሄዳል። ዋቅላሚውን ይቀይሩ፤ እንግዳዋን አይውቀሱ።

ሁሉም በደህና ከሄደ ተቃራኒው ይከሰታል። የውሃ ቁንጫ ሲመቻት ያለ ወንድ ትወልዳለች፤ ልጆቿም ሳይውሉ ሳያድሩ ይበላሉ። በጥቂት ሳምንት ውስጥ አረንጓዴው ውሃ ነጥቶ እንደ ምንጭ ይጠራል። ዘመድ አዝማድ ደስ ይለዋል፤ «ውሃው እንዴት ጠራ!» ይላል። እርስዎ ግን አይደሰቱ፤ ጥራቱ ረሃብ ነው። የምግቡ መጠን ከጣሪያው እጅግ ርቆ ወርዷል፣ እግሮቹ ሁሉ በሙሉ ኃይላቸው ባዶ ውሃ ያጣራሉ። ግማሾቹን በሌላ ዕቃ አውጥተው አረንጓዴ ውሃ ያፍስሱላቸው።

ይህ በብርጭቆ ብቻ የሚሆን አይደለም። ደቡብ ወሎ ያለው ሐይቅ፣ ሐይቅ ከተማ አጠገብ ያለው ማለቴ ነው፣ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ማብቂያ ነጭ ሳህን ወደ ውስጥ ሲወርድበት እስከ 9 ሜትር ገደማ ድረስ ይታይ ነበር። በ1978 እ.ኤ.አ. ቆሮሶ ተለቀቀበት። ከዓመታት በኋላ ሳህኑ አንድ ሜትር ከጥቂት ሳይወርድ ይጠፋ ጀመር፤ ዋቅላሚው በዝቶ ነበር። እነ ኤልሳቤጥ ከበደ በ1992 እ.ኤ.አ. ይህን ለውጥ ከዓሣው መግባት ጋር አያይዘው ጻፉ። ዓሣ አጣሪዎችን ሲበላ ዋቅላሚው የሚያሰማራበት ሰፊ ሜዳ ያገኛል።

እንግዲህ የመጨረሻው ማስጠንቀቂያ ይህ ነው። የጎረቤትዎ ልጅ ቆሮሶ በገንዳ የሚያረባ ከሆነ እንግዶችዎን አያሳዩት። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር በየቤቱ ገና አልተቋጨም፤ ቆሮሶው በበኩሉ የውሃ ቁንጫን ረቡዕም ይበላል፣ ዓርብም ይበላል፣ ጣሪያውም ከእሷ ጣሪያ እጅግ ከፍ ያለ ነው።